ከመጠየቅ በፊት የሚባል ቃል

ይድረስ ጅዳ ለምትኖሪው ለውድ እህቴ ለቶይባ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። ከሐምሌ ወዲህ ድምፅሽን ሳልሰማ ግማሽ ዓመት ሊሆነኝ ነው። ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ደረጃ ስወጣ ይይዘኛል ያልሽው ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም በቅባት ነው የምታባብዪው? ባለቤትሽ ሙጃሂድ ጤናው እንዴት ነው? ልጅሽ ናጅዋስ፣ የእኔ ጠያቂ፣ ቁመቷ አንቺን አለፈ? እኔና ባለቤቴ ቡርቱካን አልሐምዱሊላህ አለን። ቡርቱካን በጥቅምት ታማ ነበር፤ አሁን ድናለች፤ እንዲያውም ድምፅዋ ከበፊቱ የጨመረ ይመስለኛል። እኔ ከመነጽሬ በቀር ምንም አልሆንኩም። አንዱ መስታወት ስለተሰነጠቀ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምጽፍልሽ፤ መስመሩ ወደ ታች ካዘነበለ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ደብዳቤውን የምታደርስልሽ ጎረቤታችን ፋንቱ ናት። መርሳ ላይ ስልኩ ገና አልተስተካከለም፤ ቢስተካከልም የምነግርሽ ነገር በስልክ የሚነገር አይደለም። ፋንቱ ለሱቋ ልብስ ልታመጣ ደሴ ስትሄድ ወረቀቱን ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥታ ትልክልሻለች። ስለዚህ በአንድ ወገን ብቻ ጽፌያለሁ፤ በየገጹ ራስጌ ቁጥር አለ። የጎደለ ቁጥር ካለ ፋንቱን ጠይቂያት እንጂ በግምት እንዳትሞዪው።

መጀመሪያ ያደረ ጥያቄሽን ልመልስ። በሐምሌ በላክሽው ድምፅ፣ ናጅዋ ትምህርት ቤት ውስጥ የምታለቅስ ልጅ አይታ «አብሽሪ» ብትላት ጓደኞቿ ሳቁባት ብለሽኛል። እዚያ ሰው አንድ ነገር ሲለምን «እሺ፣ ይሆንልሃል» ለማለት ነው እንጂ ለሚያለቅስ አይባልም አሏት። «አንተ አስተማሪ ነህ፤ እኛ ለምን እንዲህ እንደምንል ጽፈህ አስረዳት» አልሽኝ። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱ የዘገየው በእኔ ጥፋት አይደለም።

ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ከምሥራች ጋር ዝምድና አለው። እኛ ዘንድ ግን ምሥራች ለሌለው ሰው ነው የሚሰጠው። በሬው ገደል ለገባበት፣ ልጇ ታማ ለተኛችባት፣ ፈተና ለወደቀ፣ ሸክም ከብዶት መንገድ ዳር ለተቀመጠ። ሐዘን ቤት ሲገባ ከ«እንዴት ዋላችሁ» በፊት «አብሽሩ» ይባላል፤ እዚያ ቤት እንዴት እንደዋሉ ይታወቃላ። ለሚያውቁት ብቻ አይደለም፤ ጎማ ለተነፈሰበት መንገደኛም ይባላል። እስላሙም ክርስቲያኑም ይለዋል። መልሱ «አላህ ያበሽርህ» ነው፤ ይህን የሚመልሱ ቀሳውስት አውቃለሁ። ናጅዋ እንግዲህ አልተሳሳተችም። ጓደኞቿም አልተሳሳቱም፤ ልጆቹ የሚናገሩት የአገራቸውን ነው፣ እሷም የአገሯን።

አጠቃቀሙን በተመለከተ ከአባታችን የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። አንቺ ገና በጀርባ ትታዘዪ ነበርና አታስታውሺውም። ከመንደራችን ከግራና ወደ መርሳ ገበያ ስንሄድ አንድ ሰው ሁለት ወይፈን ይዞ፣ አንዱ እግሩ ተሰብሮበት መንገድ ላይ ቁጭ ብሏል። አባታችን ገና ከሩቅ «አብሽር! አብሽር!» እያለ ሮጠ፤ ሸክሙን አወረደ፤ የወይፈኑን እግር በገዛ መቀነቱ አሰረለት፤ ከዚያ በኋላ ነው «ምን ሆንክ?» ያለው። በሳምንቱ ሰውየው ሌባ፣ ወይፈኖቹም የተሰረቁ መሆናቸው ተሰማ። ገበያው ሁሉ በአባታችን ሳቀ። እሱ ግን «እኔ አብሽር አልኩት እንጂ መች ፈረድኩለት? ዳኛ እንደሆነ መርሳ ሞልቷል» ብሎ አለፈው። የእሱ ሥርዓት ይህ ነበር፤ ቃሉ ይቀድማል፣ ጥያቄው ይከተላል።

የእኔ ሥርዓት ተቃራኒው ነበር፤ አንቺም በዚሁ ስትስቂብኝ ኖረሻል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሳስተምር ውጤቱን ሳላውቅ ለተማሪ አብሽር ብዬ አላውቅም። የማላውቀውን ተስፋ መስጠት ውሸት ይመስለኝ ነበር። እርግጠኛ ያልሆነ ሰው ቃሉን ባይለው ይሻላል፤ ለናጅዋ ይህንንም ንገሪያት።

አሁን ወደ ትብለፅ ልምጣ። ስለ ጓደኛሽ ጠይቀሽኝ ነበርና ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ።

ባለቤቷን ወልደገሪማን ታውቂዋለሽ፤ ግን ለሙጃሂድ ስታነቢለት እንዲገባው ልድገመው። ወላጆቹ ከትግራይ መጥተው ቆቦ የሰፈሩ፣ እሱ ቆቦ ተወልዶ መርሳ ያረጀ፣ ወፍጮ ጠጋኝ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ አጥር ኖረናል። ከትግራይ የመጡት ታጣቂዎች በነሐሴ መርሳ ገብተው እስከ ታኅሣሥ ሲቆዩ የደረሰውን ሁሉ ልጽፍልሽ አልችልም። ያስተማርኩበት ክፍል ዴስኮች ማገዶ ሆነዋል። ልጅ የተገደለበት ቤት አለ፤ ሬሳ ሳያገኝ የተቀመጠ ቤት አለ። ይህን የምጽፈው አሁን ሰፈሩ ውስጥ ያለው ቁጣ ከሜዳ እንዳልመጣ እንድታውቂ ነው። እኛ ግቢ ሊገቡ ሲሉ ወልደገሪማ በራችን ላይ ቆሞ በእናቱ ቋንቋ ተከራክሮ መለሳቸው። ቡርቱካን ከጓዳ ሆና ሰምታለች፤ የሚለው ባይገባትም ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር ትላለች። እኛን ያዳነን ያ ንግግር፣ እነሱ ሲወጡ ክስ ሆነ። «ያናግራቸው ነበር» ተባለ።

ከገና ሁለት ቀን በፊት፣ ረቡዕ ታኅሣሥ 27፣ ጠመንጃ የያዙ ሁለት የከተማችን ወጣቶች ወልደገሪማን ከመጠገኛ ቤቱ ይዘውት ወጡ። ልዝጋ ብሏቸው ፈቀዱለት። ዘግቶ፣ ቁልፉን በእጁ ይዞ፣ አስፋልቱ ላይ ወደ እኔ መጣ። እኔ ከፋንቱ ሱቅ ፊት ቆሜ ነበር። መንገዱ በሰው ተሞልቷል፤ የሚያስል እንኳ የለም። ቶይባ፣ የመርሳ መንገድ የተቸገረ ሰው አይቶ ዝም ሲል ያን ዕለት ነው ያየሁት። ወልደገሪማ ሦስት እርምጃ ሲቀረው ቁልፉን ዘረጋልኝ። ያን ጊዜ እኔ አጠገቤ ወዳለው ሰው ዞሬ «ምን አድርጎ ነው?» አልኩ።

ሰማኝ። እጁን ሰበሰበ፤ ቁልፉን ኪሱ ከተተ፤ አለፈ።

ለቡርቱካን እንኳ እስከ ትናንት አልነገርኳትም። ጠይቄ ልረዳ ነው ብል እንዴት ጥሩ ነበር! ግን ፈርቼ ነው። ጥያቄዋን የጠየቅሁት አጠገቤ ያለው ሰው «ይህም የሱ ወገን ነው» እንዳይለኝ ነው። አባታችን ለሌባ የሰጠውን እኔ ለጎረቤቴ ነፈግሁ።

አሁን ወልድያ፣ ሰው የሚያጣሩበት ቦታ ነው ያለው። ትብለፅ በየሁለት ቀኑ ምግብ ይዛ ትሄዳለች፤ አንዳንዴ ታየዋለች፣ አንዳንዴ ሣህኑን ብቻ ተቀብለው ይመልሷታል። ሰፈር የሚያውቀው ሽማግሌ መጥቶ ስለ አዋዋሉ ከመሰከረ ጉዳዩ ይታያል ተብላለች። ትናንት ቤታችን መጣች። «ጋሼ ኢስሐቅ፣ ሰው ሁሉ የአንቱን ቃል ያምናል፤ አንቱ አላደረገም ካሉ ሰውም አላደረገም ነው የሚለው» አለችኝ። ከባድ ነገር ነው። እሄዳለሁ አልኳት።

ችግሩ ይህ ነው። ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ወልደገሪማን በየቀኑ አይቼዋለሁ ማለት እችላለሁ፤ ከአሥራ አንድ ቀን በቀር። ከጥቅምት 12 እስከ 22 ቡርቱካን ታማ ውርጌሳ እህቷ ቤት ነበርን። ክሱ ደግሞ በእነዚያው ቀኖች መርሳ አልነበረም፣ ከታጣቂዎቹ ጋር ወደ ሰሜን ሄዷል ነው። ለቡርቱካን ይህን ስነግራት ማማሰያዋን ጣለችው። «አየሁት በላ! አንድ ቃል አይደለም?» አለች። አላየሁም አልኳት። «ያንን ቀይ እስክሪብቶህን ቅበረው! በሰው ነፍስ ላይ ነጥብ ትቆርጣለህ?» በሐሰት መመስከር ሐራም ነው አልኳት። «አፍ አውጥቶ አብሽር አለማለትስ ምንድን ነው?» አለችኝ፤ የቁልፉን ነገር የነገርኳት ገና ያን ሰዓት ስለነበር።

ዛሬ እሑድ ጥር 8 ነው። ነገ በመጀመሪያው መኪና ወልድያ እሄዳለሁ። ካልታመነልኝ ወልደገሪማ ወዴት እንደሚወሰድ የሚያውቅ የለም፤ ከዚያ ተነሥተው የት እንደደረሱ ያልታወቁ አሉ ይባላል። ዱዓ አድርጊ። እዚህ ላይ ላቁም።

ቶይባ፣ ዛሬ ቅዳሜ ጥር 21 ነው። ፋንቱ መንገዱ እስኪረጋ አልሄድም ብላ ስለዘገየች ደብዳቤው ቤት ከረመ። ከሰባተኛው ገጽ በኋላ ያለው አዲስ ነው።

ሰኞ ሄድኩ። ሦስት ሰዎች ከአንድ የተማሪ ዴስክ ጀርባ ተቀምጠዋል፤ ጉልበታቸው አይገባም። ክፉዎች አልነበሩም፤ ደክሟቸው ነበር። ወልደገሪማ ግድግዳውን ተደግፎ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ጺሙ አድጎ ሸብቷል። ሰላም አልኩት፤ ራሱን ዝቅ አደረገ።

መካከል ያለው ሰው «መምህር፣ ያዩትን ብቻ ይንገሩን» አለኝ። ቀን በቀን፣ የማስታውሰውን ሁሉ ተናገርኩ። «ቋንቋቸውን ይናገር ነበር?» አለኝ። «የእናቱ ቋንቋ ነው፤ በዚያ ቋንቋ የእኔን ግቢ አድኗል» አልኩት። ጻፈው። «ከጥቅምት 12 እስከ 22ስ?» አለኝ።

ቡርቱካን በሐሳቤ መጣች። አባታችንም መጣ። ሆኖም «አላየሁትም» አልኩ።

«ሄዷል ነው የሚሉን?»

«አላየሁትም ነው የምለው።»

ሰውየው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እሱ ግራና ወፍጮ ስጠግን ነበር ይላል። የማን ወፍጮ ስንለው ዝም ይላል። እውነት ከሆነ ሰው ስሙን ይደብቃል?» አለኝ። ወልደገሪማን አየሁት፤ እሱ መሬቱን ያያል። ለሳምንት አስተላልፈነዋል፣ ሌላ ምስክር ካልመጣ ከሌሎቹ ጋር ይላካል አሉ። ወዴት ነው ብል የሚመልስልኝ አጣሁ።

መርሳ ስደርስ ትብለፅ ከአጥራችን ሥር ቆማለች። ፊቴን አይታ ገባት። ያን ጊዜ፣ ቶይባ፣ ውጤቱን ሳላውቅ፣ ለማወቅም ምንም መንገድ ሳይኖረኝ፣ «አብሽሪ ትብለፅ» አልኳት። ከአፌ ስትወጣ የሌላ ሰው ቃል መሰለችኝ። «አላህ ያበሽርዎ ጋሼ» አለችኝና ቆየት ብላ፣ «የማን ወፍጮ እንደሆነ አውቃለሁ። ስሙን እንዳታወጪ ብሎ አስምሎኛል፤ አላወጣም። ግን አንቱ እግር አለዎት። ግራና ወጥተው ከአባትዎ ማሳ ማዶ የሚሰማውን ድምፅ ይከተሉ» አለችኝ።

ማክሰኞና ረቡዕ ከተራና ጥምቀት ስለነበር፣ በበዓልም የሚፈጭ ወፍጮ ስለሌለ አልተንቀሳቀስኩም። ቡርቱካን ያን ሰሞን አላነጋገረችኝም፤ ምግቤን አስቀምጣ ትሄዳለች። ለጥምቀት ግን ትብለፅን ብቻዋን አላስወጣም ብላ እስከ አስፋልቱ ሸኘቻት። አንዳንድ ሴቶች ከትብለፅ ራቅ ብለው ቆሙ፤ ሁለት ሴቶች ደግሞ መጥተው በግራና በቀኟ ቆሙ። ስማቸውን አልጽፍም፤ አንቺ ግን ታውቂያቸዋለሽ።

ሐሙስ በእግሬ ግራና ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ፤ ነዳጅ ስለሌለ ባጃጅ የለም። ድምፁን ከአባታችን ማሳ ሳልደርስ ሰማሁት፤ በናፍታ የሚሠራ ወፍጮ፣ ዱክ ዱክ ይላል። የጀብሪል ነው። የአሊማ ልጅ ጀብሪል፣ ስምንተኛ ክፍል ያስተማርኩት። ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ለብሶ የጆንያ አፍ ይቋጥራል።

ስሄድ መንገድ ላይ አንድ ነገር ወስኜ ነበር። በዚህ ሰው ፊት እንደ አባታችን እንጂ እንደ እኔ አልሆንም ብዬ። ስለዚህ በሩ ላይ ቆሜ፣ ምንም ሳልጠይቅ፣ «አብሽር ጀብሪል» አልኩት።

ጆንያውን ለቆ ተፈናጥሮ ተነሣ። «ማን ሞተ?» አለኝ።

ማንም አልሞተም አልኩት። «መምህር፣ እርስዎ አብሽር ካሉ ሰው ሞቷል። የሚኒስትሪ ውጤት ስጠብቅ ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ? ‹ሲመጣ እናየዋለን› አሉኝ። ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ የለኝም።» አላለፍክም እንዴ ስለው፣ «ማለፉንስ አለፍኩ፤ ሳምንቱን ማን ይመልስልኛል?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከታኅሣሥ ወዲህ የሳቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ወልደገሪማን ሳነሣበት ሳቁ ጠፋ። ሞተሩን አጠፋው። ከዚያ ነገረኝ። መብራት ከጠፋ ወዲህ የአካባቢው ወፍጮ ሁሉ ቆሞ ሰው ንፍሮ ሲበላ፣ ሕፃናት ሆዳቸው ሲነፋ፣ ይህ የአባቱ አሮጌ ሞተር ብቻ ነበር የቀረው፤ እሱም ተሰብሮ። ወልደገሪማ በአቋራጭ መጥቶ አሥር ሌሊት ጆንያ ላይ ተኝቶ፣ ከሦስት አሮጌ ሞተር ዕቃ እየፈታ ሠራው። በአሥራ አንደኛው ቀን ዱቄት ወጣ። በሰባት ቀበሌ ያለ ሰው ከዚያ በላ።

«ታዲያ ይህን ሄደህ ንገራቸው» አልኩት።

«መምህር፣ ለእነሱም ፈጭቻለሁ እኮ!» አለኝ። «ጠመንጃ የያዘ ሰው እህል ሲያመጣ ተበላሽቷል ልበለው? ድምፁን ሰምቶ ነው የመጣው። ወልዴ ሲሄድ ‹ማንም ቢጠይቀኝ ስምህን አላወጣም፤ አንተ ልጆች አሉህ› አለኝ። እኔ ሄጄ በአፌ ልናገር? ነገ እኔን ቢይዙኝ ወፍጮውን ማን ያስነሣዋል?» አይይዙህም ልለው ፈለግሁ። አላውቅም፤ ስለዚህ አላልኩትም። ያልኩት፣ ወልደገሪማ የአንተን ስም ጠብቆ ለሰኞ ሁለተኛ ምስክር ካላገኘ ይላካል፣ እኔም ጭምር እዚያ እቆማለሁ፣ ቢያስቀሩህ ከበሩ አልነቃነቅም ነው። አንድ ሣህን ዱቄት በፌስታል ቋጥሮ «ለእትዬ ቡርቱካን» ብሎ ሰጠኝና ጀርባውን አዙሮ ሞተሩን አስነሣ።

እነዚያን ሦስት ቀኖች እንዴት እንዳሳለፍናቸው አልነግርሽም። ቅዳሜ ትብለፅ ምግቡን ይዛ ሄዳ ሳታየው ተመለሰች። እሑድ የባለቤቷን ወፍራም ሹራብ አጠበች፤ ለመንገዱ ነው አለች። የሚላክበትን ሳናውቅ ስንቅ እንቋጥር ነበር።

ሰኞ ጥር 16 ማለዳ መርሳ መናኸሪያ ስደርስ ጀብሪል ቆሟል። ከግራና በጨለማ ነው የተነሣው። ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ አንድ ጋቢና አንድ ቋጠሮ በሶ በብብቱ ይዟል። ጋቢው ምንድን ነው ስለው፣ «ካስቀሩኝ እንዳይበርደኝ» አለኝ። ከመርሳ እስከ ወልድያ፣ እኔ መንገዱን፣ እሱ ጋቢውን እያየን ደረስን።

ሁሉንም ተናገረ። ቀኖቹን፣ የተፈቱትን ሞተሮች፣ የፈጨላቸውን ቀበሌዎች። ሰውየው «ለታጣቂዎቹስ ፈጭተሃል?» ሲለው ዝም አላለም፤ «ፈጭቻለሁ፤ ጠመንጃ ይዘው ነው የመጡት» አለ። ያን ጊዜ ወልደገሪማ ከአግዳሚው ተነሥቶ «እሱ ምንም አያውቅም! ሞተሩን የሠራሁት እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። ሃያ ስድስት ዓመት ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። አስቀመጡት። ጀብሪልን ወደ ሌላ ክፍል ወሰዱት፤ እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። ዙህርን እዚያው ሰገድኩ፤ የዐስር ሶላትንም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጀብሪል ጋቢውን በብብቱ እንደያዘ ወጣ። ለጊዜው ሂድ፣ ስንፈልግህ እንጠራሃለን አሉት። እስከ ዛሬ አልጠሩትም። ሊጠሩት ይችላሉ፤ ይህን ደብቄ «ሁሉ ነገር አለቀ» ብዬ ብጽፍልሽ ሐሰት ይሆናል።

ወልደገሪማ ከትናንት ወዲያ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተለቀቀ። ከሚኒባስ ወርዶ በዚያው አስፋልት መጣ። ፋንቱ ከሱቋ ወጥታ «አብሽር ወልዴ!» ብላ እልል አለች። አንዳንዱ ተከትሏት አለው፣ አንዳንዱ ወደ ቤቱ ገብቶ በሩን ገርበብ አደረገ፤ ልጁ የሞተበት ሰው ነው፣ አልፈርድበትም። ወልደገሪማ ላለው ሁሉ «አላህ ያበሽርህ፣ አላህ ያበሽርሽ» እያለ መጣ። እኔም ከበሬ ወጥቼ ቆምኩ። ጥያቄ አልነበረኝም። «አብሽር» አልኩት።

ቆመ። ትንሽ አየኝ። «ስለ ደከሙልኝ እግዜር ይስጥልኝ መምህር» አለኝና ወደ ቤቱ ገባ። ሃያ ስድስት ዓመት «ኢስሐቅ» ሲለኝ የኖረ ሰው ነው። ቡርቱካን ሰምታ «አብሽር፣ ይመለሳል» አለችኝ። ከየት አወቅሽ አላልኳትም።

ለናጅዋ አንድ እርማት አለኝ። በሦስተኛው ገጽ «እርግጠኛ ያልሆነ ሰው ቃሉን ባይለው ይሻላል» ብዬ የጻፍኩትን ሰርዤዋለሁ። ስርዙ በስሱ ስለሆነ ይነበባል፤ እንድታነበው ነው። ለምታለቅሰው ልጅ ምን እንደሆነች ሳትጠይቅ አብሽሪ ማለቷ ልክ ነበር፤ አርሚያለሁ፣ ሙሉ ነጥብ።

ሰላምታዬን ለሙጃሂድ አድርሺልኝ፤ ወገቡን ሸክም ላይ ይጠንቀቅ። ናጅዋን ግንባሯን ሳሚልኝ። ቡርቱካን ሰላም ብላሻለች፤ የላክሽው ጨርቅ እስካሁን አልተሰፋም፣ ሰፊው ተሰዷል ትልሻለች። ፋንቱ ሰላም ብላሻለች፤ ፎቶው ከደበዘዘ የስልኳ ጥፋት እንጂ የሷ አይደለም። ጀብሪል፣ «እትዬ ቶይባ ያኔ ከማሳችን የሰረቀችውን እሸት አፉ ብያታለሁ፣ ይቅር ብያታለሁ» በልልኝ ብሏል። ትብለፅ አጥብቃ ሰላም ብላሻለች፤ ስታወራ ቆይታ ስምሽ ላይ ስትደርስ አለቀሰች፣ ስለዚህ ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም።

ወልደገሪማ ሰላምታ ጻፍልኝ አላለኝም። ያላለውን አልጻፍኩልሽም።

ወንድምሽ ኢስሐቅ

መርሳ፣ ሐብሩ
ጥር 21 ቀን 2014 ዓ.ም.